ብዕሩ የዘገየ ልጅ ኹሉ ልቡ የዘገየ አይደለም

የወለጋ ሰው ወርቅን ከወንዝ አሸዋ እያጠበ ማውጣትን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ወርቅ በተፈጠረበት ስፍራ ሲገኝ ከጭቃና ከጠጠር ጋራ ተቀላቅሎ ስለ ኾነ የማያውቀው ሰው ዐፈር ነው ብሎ ይረግጠዋል፤ የሚያውቀው ግን ታግሦ አጥቦና አንጥሮ ከጌጥ ያደርሰዋል። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ያለ ወርቅ አለ። ይኸውም ልቡ ብሩህ፥ አስተዋይነቱ ከእኩዮቹ የበለጠ ኾኖ ሳለ፥ እጁ ለጽሕፈት ያልታዘዘለት፥ ሥራውንም በተራና በወቅት ማሰናዳት የተሳነው ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በነቀምቴም፥ በጊምቢም፥ በሻምቡም፥ በደምቢ ዶሎም ባሉት ትምህርት ቤቶች ይገኛል፤ ስሙም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሰነፎች ጋራ ነው።

የዚህን ልጅ ኹኔታ መምህራንና ወላጆች ለይተው እንዲያውቁት በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። መምህሩ በቃል ሲጠይቅ ከኹሉ ቀድሞ እጁን የሚያነሣ ነው። የሒሳቡን ጥያቄ ወረቀት ሳይዝ በልቡ ይፈታዋል፤ የሰማውን ታሪክ ከነመንሥኤውና ከነውጤቱ አስተካክሎ ይናገራል፤ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ ያላሰበውን ጥያቄ ይጠይቃል። ይኸው ልጅ ብዕር በጨበጠ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይመስላል። ፊደሉ ይጣመማል፤ ጽሑፉ ከመስመሩ ይወጣል፤ በአፉ ባንድ ደቂቃ የተናገረውን ዐሳብ በወረቀት ለማስፈር ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከጻፈውም ውስጥ ግማሹ ቃል ተዘሎ ይገኛል። የባዮሎጂውን ትምህርት በታሪክ ደብተር ላይ ይጽፋል። የቤት ሥራውን ሠርቶ እቤት ረስቶት ይመጣል። የፈተናውን ቀን ከሰማ በኋላ ከልቡ ያጠፋዋል።

የፈተና ውጤት በተነበበ ጊዜ የዚህ ልጅ ቍጥር ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይገኛል። መምህሩ «ቢፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን ሰነፍ ነው» ይላል። አባቱ «በትምህርት ይቀልዳል» ብሎ ይቈጣል። ልጁም መዠመሪያ ላይ ይህ ፍርድ እንዳልተገባው በልቡ እያወቀ ያዝናል፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የተባለውን ኹሉ እውነት ነው ብሎ ያምናል። አንድ ልጅ ራሱን ደንቆሮ ነው ብሎ ካመነ በኋላ ከትምህርት ቤት ለመውጣት የቀረው ነገር ጥቂት ነው። ጕዳቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ አገሩም የማታውቀውን ነገር ስለ ጣለች የጐደለባትን አታውቅም።

የሰውን አእምሮና የትምህርትን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት ይህ ጠባይ ስንፍና አለመኾኑን ዐውቀውታል። ሰው በሚጽፍበት ጊዜ ባንድ ቅጽበት ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ዐሳቡን ያወጣል፥ ቃሉን ይመርጣል፥ የፊደሉን መልክ ያስታውሳል፥ ጣቶቹን ያዛል፥ መስመሩን ይጠብቃል። ለብዙ ሰው ፊደል መጻፍ ከልማድ ብዛት እንደ እርምጃ ስለሚቀልለው ልቡ ነጻ ኾኖ ዐሳቡን ይከተላል። እጁ ያልለመደለት ልጅ ግን የልቡን ኀይል ኹሉ በፊደሉ ቅርጽ ላይ ስለሚጨርሰው ለዐሳቡ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን የጽሕፈት ችግር ዐዋቂዎቹ ዲስግራፊያ ብለው ይጠሩታል። እንደዚሁም ሥራን በተራ የማስያዝ፥ ጊዜን የመመጠንና የዠመሩትን የመፈጸም ችሎታ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ከአስተዋይነት ጋራ አብሮ ሊገኝም ሊለይም ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው እጅግ ብልህ ኾኖ ደብተሩን መጠበቅ ቢያቅተው የሚያስገርም ነገር አይደለም።

የዚህ ልጅ ችግር ከሌላው ይልቅ የሚከፋው ተሰጥኦውና ጕድለቱ እርስ በርሳቸው ስለሚሸፋፈኑ ነው። በታችኛው ክፍል ሳለ የሰማውን ስለማይረሳ ማስታወሻ ሳይጽፍ ያልፋል፤ ስለዚህ ችግር እንዳለበት የሚያስተውል የለም። ወደ ላይኛው ክፍል ሲወጣ የትምህርቱ ዐይነት ይበዛል፤ ለየትምህርቱም የተለየ መምህርና የተለየ ደብተር ይመጣል፤ ከሰሌዳ የሚገለበጠውም ጽሑፍ ይረዝማል። በዚያን ጊዜ ውጤቱ በድንገት ያሽቈለቍላል። በዝቅተኛው ክፍል ያስተማረው መምህር ብልህነቱን ያውቅ ነበር፤ አኹን ግን ስምንትና ዘጠኝ መምህራን በየጊዜው እየገቡ የሚያዩት የተበላሸ ደብተሩን ብቻ ነው።

በወለጋ ከተሞች ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር ሸክም አለ። ከ1984 ዓ.ም. ዠምሮ የኦሮምኛ ትምህርት በቁቤ ማለት በላቲን ፊደል ይሰጣል። ልጁ የእናቱን ቋንቋ በዚህ ይጽፋል፤ አማርኛን በግእዝ ፊደል ይማራል፤ እንግሊዝኛንም ከታችኛው ክፍል ዠምሮ ይማርና ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይኾንበታል። ኹለት ዐይነት ፊደልና ሦስት ቋንቋ ማወቅ ለሚችል ትልቅ ሀብት ነው። እጁ ለሚዘገይ ልጅ ግን እያንዳንዱ ፊደል አዲስ ዳገት ነው። በቁቤ ሲጻፍ ድምፁ ከረዘመ ፊደሉ ይደገማልና አንዲት ፊደል ብትቀር ቃሉ ሌላ ይኾናል፤ መሬት ማለት የኾነው «ለፈ» እና ለስላሳ ማለት የኾነው «ላፋ» የሚለዩት በዚሁ ብቻ ነው። ልጁ በአንደበቱ ፈጽሞ የማይስተውን ቃል እጁ ይስተዋል፤ አራሚውም ቋንቋውን አያውቅም ብሎ ቀይ ምልክት ያደርግበታል።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት በመላው አገር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በምዕራብ ኦሮሚያም በጸጥታ መጓደል ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ስፍራዎች ብዙዎች ናቸው። ማስተዋል በቤትም በመንገድም ሊያድግ ይችላል፤ የእጅ ጽሕፈትና የሥራ ልማድ ግን ያለ ማቋረጥ ካልተለማመዱት ይጠፋል። ስለዚህ ከዚህ ኹሉ በኋላ ወደ ክፍሉ የተመለሰው ልጅ ብዕሩ ከቀድሞው ይልቅ ቢዘገይ ልቡም አብሮ ዘግይቷል ብሎ መፍረድ አይገባም።

ለዚህ ነገር ምስክር ለማግኘት የወለጋ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር አገር በሕፃንነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተወስደው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጥተው፥ በአጠገቡ ባለው በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ ጽሕፈቱና የትምህርቱ ሥርዐት ተሟልቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን ከአገራቸው በልጅነት ስለ ተለዩ የተወለዱበት ቋንቋ ቃል ይጐድላቸው ነበር። በዚሁ አቈጣጠር በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ ሲወሰዱ በኢጣሊያ መርከብ ነጻ ከወጡት መካከል አስቴር ገኖ የተባሉ ልጃገረድ ወደዚሁ ትምህርት ቤት መጡ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች የአእምሯቸውን ብርታትና ለቋንቋ ያላቸውን ልዩ ስሜት ተመልክተው የመዝገበ ቃላት ቃል የመሰብሰብ ሥራ ሰጧቸው። እርሳቸውም ከልጅነታቸው በልባቸው የያዙትን እያወጡ ወደ 500 የሚኾኑ ዘፈኖች፥ ተረቶች፥ ምሳሌዎችና እንቈቅልሾች ሰበሰቡ። ከዚህም ኹለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ከመጡ በኋላ በነቀምቴ ያስተማሩ ሲኾን ኦኔሲሞስ በ1931 በዚያው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ያ ትምህርት ቤት ልጃገረዲቱን ከሌሎች ጋራ ባንድ መስፈሪያ ለክቶ አላቆመም፤ በምን እንደሚበልጡ ጠይቆ በዚያ አሠራቸው። ለኦኔሲሞስም የጐደላቸውን ከሌላ ሰው አገኘላቸው። አንዱ በያዘው ሌላው የጐደለውን ሞላ፤ ሥራውም ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ።

ኹለተኛው ምስክር የደምቢ ዶሎው ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ በሽታ ምክንያት ዐይናቸው ጠፍቶ በልመና ይኖሩ የነበሩት እኒህ ሰው፥ የሰሙትን በመያዝ ዐድገው የወንጌል ሰባኪና ቄስ ኾኑ። በጠላት ወረራ ዘመን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከአገር በተባረሩ ጊዜ ምእመናኑን ከጠበቁት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1972 መጽሐፍ ኾኖ ሲታተም እርሳቸው በቃል እየተናገሩ ሌሎች ጽፈውታል። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በታሪክ ጥናት ሊቅ ኾነው ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዐይነ ስውር ሰው በብዕር ባይጽፍ ሰነፍ ነው ብሎ የሚፈርድበት የለም፤ ጕዳቱ ስለሚታይ ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። እጁና የሥራ ሥርዐቱ ያልታዘዙለት ልጅ ግን ጕዳቱ ስለማይታይ ሌላ መንገድ የሚፈልግለት የለም። በኹለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ነው።

ዕውቀትን በቃል መመርመር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቈጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቀናለታል። ከፍ ያለው የአእምሮ ሥራ የሚፈጸመው ብራናና ቀለም ሳይቀርብ ነው። ጽሕፈት ግን ለብቻው የሚማሩት ሙያ ነበረ፤ ባለቅኔ ኹሉ ቍም ጸሓፊ አልነበረም፤ ስለዚህም ማንም አላዋቂ አላለውም። በኦሮሞም በገዳው ሥርዐት ሕግ የሚታወጀውና የዘመናት ታሪክ የሚተላለፈው በአንደበት ነው፤ በሆሮ ጉዱሩ በኦዳ ቡሉቅ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አባቶች የሚታወቁት ሕጉን በልባቸው በመያዛቸው ነው። እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ቤት ልጁን አፉን አስከፍቶ ቢጠይቀው የአባቶቹን ልማድ ተከተለ እንጂ ከሥርዐት አልወጣም።

የመንግሥቱም ሕግ ለዚህ በር አልዘጋም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት ወጥቷል። ነገር ግን ይህ ቃል ሲነበብ አንባቢው ኹለት ልጆችን ለየብቻ ያስባል፤ አንዱን ድጋፍ የሚሻ፥ አንዱን ተሰጥኦ ያለው አድርጎ። ኹለቱ ባንድ ልጅ ውስጥ አብረው ሊገኙ መቻላቸውን ብዙ ሰው አያስብም። ስለዚህ ልጁ ለድጋፍ ሲቀርብ «ይህ ብልህ ነው፤ ምን ጐደለው» ይባላል፤ ለተሰጥኦ ሲቀርብ ደግሞ «ነጥቡ አልደረሰም» ተብሎ ይመለሳል። ለብልሆች የተሠሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚመርጡት በፈተና ውጤት ስለ ኾነ በኹለቱም በር ሳይገባ ይቀራል።

የኹለተኛ ደረጃ መጨረሻው ፈተና ከምርጫ መልስ ስለ ኾነ ብዙ ጽሕፈት አይጠይቅም ይባል ይኾናል። ነገር ግን ክቦቹን በተራ ማጥቈር ራሱ የሥርዐት ሥራ ነው፤ አንድ ተራ ቍጥር የዘለለ ልጅ ከዚያ በታች ያለውን ኹሉ ዐውቆ ይስታል። በ2014 ዓ.ም. ተምረው ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ መንሥኤው ብዙ ነው፤ ባንድ ነገር ብቻ አይመካኝም። ኾኖም በሩ እንዲህ በጠበበበት ዘመን የሚያውቅ ልጅ በእጁ መዘግየት ምክንያት ብቻ በውጭ እንዳይቀር መጠንቀቅ የኹሉም ግዴታ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፥ ብዙው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መዠመሪያው ነገር መለየት ነው። የአንድ ተማሪ የቃል መልስና የጽሑፍ ውጤት እጅግ ሲራራቁ መምህሩ ያን እንደ ምልክት ይቍጠረው፤ ልጁንም ለብቻው ጠርቶ ያንኑ የፈተና ጥያቄ በቃል ይጠይቀው። በቃል ካወቀው ችግሩ ከዕውቀት ሳይኾን ከብዕር ነው። ከዚያ በኋላ የዕውቀቱንና የጽሕፈቱን ነጥብ ለያይቶ መስጠት ይቻላል፤ ታሪክ ሲፈተን ታሪኩ፥ ጽሕፈት ሲፈተን ጽሕፈቱ ይታረም።

ኹለተኛው ነገር የግልበጣን ሸክም ማቅለል ነው። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ጊዜው ያለፈበት ልጅ የመምህሩን ቃል አልሰማም፤ የጻፈውም ጐደሎ ነው፤ ኹለቱንም አጣ። ስለዚህ ጽሑፉ ከሚፈጥነው ጓደኛው ጋራ አብሮ ቢቀመጥ፥ ያም ማስታወሻውን ቢያውሰው፥ እርሱም በፈንታው ያልገባውን ሒሳብ ቢያስረዳው፥ ኹለቱም ይጠቀማሉ። በፈተናም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቢጨመርለት ሌላውን የሚጐዳ ነገር የለውም።

ሦስተኛው ነገር ሥርዐትን እንደ ፊደል ማስተማር ነው። «ሥርዐት ያዝ» ማለት ብቻውን ትምህርት አይደለም። ረጅም ሥራ ሲሰጥ ተከፋፍሎ ይሰጠው፤ ዛሬ ዐሳቡን በቃል ይናገር፥ ነገ ዋና ዋናውን ነጥብ በአጭር ይጻፍ፥ ከነገ ወዲያ ያያይዘው። የየትምህርቱ ደብተር በልባሱ ቀለም ይለይ፤ የሳምንቱ የትምህርት ሰሌዳ በመዠመሪያው ደብተር ልባስ ውስጥ ይለጠፍ፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት ከረጢቱን ከእናቱ ወይም ከታላቅ እኅቱ ጋራ ያሰናዳ። የእጅ ጽሕፈትም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ፥ ያለ ቍጣ፥ ለብቻው ይለማመድ። ይህ ልጁን ከብዕር ነጻ ለማውጣት የታሰበ አይደለም፤ በዚህ ዘመን የማይጽፍ ሰው ሙሉ ሥራ አይሠራምና መጻፍ ይገባዋል። ነገር ግን እጁ እስኪሰላ ድረስ ልቡ ሊታሰር አይገባም።

አራተኛው ነገር ለልቡ የሚመጥን ሥራ መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ልጅ ጽሑፉ ስለ ተበላሸ የቀለለውን ትምህርት ደጋግሞ እንዲጽፍ ይደረጋል፤ ይህም የተራበውን ሰው ባዶ ሳሕን እንደ ማጠብ ነው። በአንደበቱ የሚከራከርበት፥ በእጁ ዕቃ የሚሠራበት፥ ከባድ ጥያቄ የሚፈታበት ስፍራ ካገኘ ግን የከበደውንም ጽሕፈት ለመቻል ይተጋል።

መምህሩ በበኩሉ የሚያነሣው መልስ አለው። ባንድ ክፍል ውስጥ ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ተቀምጦ እያለ እያንዳንዱን በቃል መጠየቅ ከቶ አይቻልም ይላል። እውነት ነው፤ ኹሉን መጠየቅ አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚጠየቀው ቃሉና ጽሑፉ የተራራቀበት ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ለእነዚያም በየወሩ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሌላው ደግሞ «ለአንዱ የተለየ ነገር ማድረግ አድልዎ ነው» የሚል አለ። ዐይኑ የደከመ ልጅ መነጽር ቢያደርግ አድልዎ የሚለው ማን ነው? መነጽሩ ያልተጻፈውን አያሳየውም፤ በሰሌዳው ላይ ያለውን እንዲያይ ብቻ ይረዳዋል። የቃል ፈተናም ልጁ የማያውቀውን አያሳውቀውም።

ይህ ኹሉ ከመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ በነቀምቴ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፥ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም፥ ዕጩ መምህራን ይህን ልጅ ለይተው እንዲያውቁት ቢያስተምሩ ፍሬው በያንዳንዱ ወረዳ ይታያል። ርእሳነ መምህራንም የቃል ፈተና ውጤት በመዝገብ እንዲገባ ቢፈቅዱ መምህሩ ሥራውን ያለ ፍርሀት ይሠራል። ወላጆችም ልጃቸው ደብተሩን በጣለ ጊዜ ዱላ ከማንሣት አስቀድመው የዕለቱን ትምህርት በቃሉ እንዲነግራቸው ቢጠይቁት፥ ሰነፍ ያሉት ልጅ ምን ያኽል እንደሚያውቅ ባንድ ማታ ይረዱታል።

ወርቅ የሚያጥብ ሰው ገበቴውን ይዞ ወደ ወንዝ ሲወርድ አሸዋው ወርቅ አይደለም ብሎ አይቈጣም፤ ያጥበዋል እንጂ። መምህርም ነገ ጧት የተማሪዎቹን ደብተር ሲሰበስብ ከኹሉ የተበላሸውን አንሥቶ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ባለቤቱን ጠርቶ «ይህን ለማለት የፈለግኸው ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ሥራው ተዠመረ ማለት ነው።